ላፕቶፑን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ላፕቶፕ ሲዘገይ እኛ አገር መድኃኒቱ አንድ ነው። «ፎርማት አስደርገው!» ሱቅ ይወሰዳል፣ ልጁ ፍላሽ ይሰካል፣ ሻይ ተጠጥቶ ሲመለስ አዲስ ዊንዶውስ ይጠብቃል። ለዓመታት እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ታዲያ ልጁ «አይዞህ፣ ዲ ላይ ያለውን አልነካሁትም» ብሎ ላፕቶፔን መለሰልኝ። እውነቱን ነው፣ አልነካውም። የሦስት ዓመት ፎቶዬ የነበረው ግን ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ዲስኩ ከተከፈለባቸው ክፍሎች ፎርማት የተደረገው ሲ ውስጥ ነው። እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በራሴ እጅ ነው የምጭነው። ሲበላሽም ማንን እንደምወቅስ አውቃለሁ።

ሰሞኑን ሁለት ላፕቶፕ አስተካከልኩ፤ አንዱ የእህቴ፣ አንዱ የራሴ። ቁርጥ መንታ ናቸው። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ኮር አይ5፣ 6ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ ሁለቱም ላይ ዊንዶውስ 10 ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን የእሷ ላይ ዊንዶውስ ቀረ፣ የእኔ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ገባ። ለምን እንደተለያዩ ልንገራችሁ፣ እግረ መንገዴንም አጫጫኑን ላሳያችሁ።

ያጣደፈኝ ዊንዶውስ 10 ራሱ ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይሄ ማለት ኮምፒውተሩ በማግሥቱ መነሳት እምቢ ይላል ማለት አይደለም። እንደ ድሮው ይሠራል። ግን ከዚያ በኋላ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ አይደፈንለትም፤ በዚያ ላፕቶፕ ደግሞ የባንክ አካውንት የምትከፍቱ ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ለተመዘገበ ሰው ግን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ የደህንነት አፕዴት ይሰጣል። የመመዝገቢያው ሊንክ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው፤ ዊንዶውሱ ግን 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው ቨርዥን መሆን አለበት።

መጀመሪያ ማሽኑን እወቁት

ዊንዶውስ 11 ሁሉንም ኮምፒውተር አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ከዚያም ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ይፈልጋል። ጀነሬሽኑን ለማወቅ ሻጩን አትጠይቁ፣ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡት። ኮር አይ5 ከሚለው ቀጥሎ 6300 ካለ 6ኛ ነው፣ 8250 ካለ 8ኛ ነው። 10210 ሲሆን 10ኛ፣ 1135 ሲሆን ደግሞ 11ኛ ነው፤ በ1 ሲጀምር ሁለቱን አሃዝ አብራችሁ ውሰዱ። ማንበብ ካልፈለጋችሁ ማይክሮሶፍት ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለው፤ ይሆናል ወይም አይሆንም ብሎ ቁርጡን ይነግራችኋል።

4 ጊጋ ራም የሚለው ወረቀት ላይ ነው። በ4 ጊጋ ዊንዶውስ 11 ጭናችሁ ክሮም ላይ አምስት ታብ ከከፈታችሁ ማሽኑ ማቃሰት ይጀምራል። 8 ይሁን።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሀርድ ዲስክ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መምረጡን ተዉትና ሄዳችሁ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ፈጣን ዲስክ፣ ግዙ። ለመነሳት ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ላፕቶፕ ከኤስኤስዲ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ሲነሳ አይቻለሁ፣ ያውም ዊንዶውሱ ሳይቀየር። ስንቱ ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ ፎርማት እያስደረገ ሲሮጥ የሚከርመው ዲስኩ ስላረጀበት ነው። የእህቴንም የእኔንም መጀመሪያ የቀየርኩት እሱን ነው።

ምን ይጫን?

ጎረቤት የጫነውን አይደለም። ሥራችሁ የሚጠይቀውን ነው።

እህቴ አካውንታንት ናት። እንጀራዋ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፣ እዚህ ግን ማንም እንደዛ አይጠራውም። ፒችትሪ ደግሞ ዊንዶውስ ይፈልጋል፣ አለቀ። ኢንጂነሪንግ የምትማሩም ኦቶካድና ኢታብስ የሚሠሩት ዊንዶውስ ላይ ስለሆነ ሊኑክስን አሁን አታስቡት። ለማላመድ የሚሞክሩ ጎበዞች አሉ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት በሚቀርብበት ሳምንት ግን ጎበዝ መሆን አያስፈልግም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው የድሮ የአማርኛ ፋይል ነው። መሥሪያ ቤታችሁ እስካሁን በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች ካሉት፣ እነዚያ ፋይሎች ውስጥ ያለው እውነተኛ የአማርኛ ፊደል አይደለም። የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ የተሳለበት ፎንት ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ ያለ የፈረንጅ ፊደል ይወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግን በየቢሮው መደርደሪያ ያለው ፋይል ይህን አልሰማም። በየቀኑ እንደዚህ ዓይነት ፋይል የምታርሙ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ።

ስለዚህ የእህቴ መልስ ዊንዶውስ ሆነ። የትኛው? ማሽኗ 6ኛ ጀነሬሽን ስለሆነ 11ን በወግ አይቀበልም። በማስገደድ መጫን ይቻላል፣ ቀጥሎ የምናየው ሩፈስ የሚባለው ፕሮግራም ራሱ ቲፒኤም ይጠየቅ የሚለውን ያነሳላችኋል። አንድ የራሴ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ አድርጌው እየሠራ ነው። ግን ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ዓይነቱ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ቃል አይገባም፤ ነገ አፕዴቱ ቢቀርባት የድርጅት ሒሳብ የያዘ ላፕቶፕ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ 10ን ከአዲስ ጫንኩላት፣ ለተራዘመው አፕዴት አስመዘገብኳት፣ ጊዜው ሳያልቅ ሌላ ላፕቶፕ እንድትፈልግ ነገርኳት። አኮረፈችኝ።

የእኔ ሥራ ደግሞ ብሮውዘር፣ ቴሌግራም፣ መጻፍና ትንሽ ኮድ ነው። ለዚህ ሊኑክስ ሚንት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ነፃ ነው፣ ኡቡንቱ በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ነው የተሠራው፣ መልኩ ደግሞ ዊንዶውስ 7ን ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ሜኑው ታች ግራ በኩል ነው፣ የሚዘጋው ኤክስ ቀኝ በኩል ነው። 22 የሚለው ትውልድ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. አፕዴት ያገኛል። በሦስት ዓይነት ይመጣል፦ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። 8 ጊጋ ራም ካላችሁ ሲናሞን፣ 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ። ማቴ መካከል ላይ ነው፣ ብዙ አታስቡበት። ከማተሚያ ቤት በፍላሽ የሚመጣው ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስም ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ሚንት ላይ አይነሳም። ለኔ ይሄ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ ማይክሮሶፍት ኦፊስ አይጫንበትም። ሊብረ ኦፊስ አብሮት ይመጣል፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ግን ሠንጠረዥና ማርጂን የበዛበት ፋይል ሲሆን አንዳንዴ ይንሸራተታል። አድቫይዘራችሁ በሚሊሜትር የሚለካ ዓይነት ከሆነ ዎርድ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ሳታዩ አትላኩለት።

ስለ ክራክ፣ ዊንዶውስን ሳይገዙ ስለሚያስከፍተው ፕሮግራም፣ አንድ ነገር። ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሲሠሩ ዊንዶውስ ተከፍሎላቸው ነው፣ ቁልፉም ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፏል። ስትጭኑ «ፕሮዳክት ኪይ የለኝም» የሚለውን ነክታችሁ ያንኑ ዓይነት፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ ብትመርጡ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሰው የራሱን ንብረት ለማስከፈት ለክራክ ይከፍላል! ክራኩ ደግሞ መጀመሪያ የሚላችሁ «አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ» ነው። ዘበኛውን አባርራችሁ ቤቱን ለማታውቁት ሰው እንደመስጠት ነው።

ዕቃ ማውጣት

ከመጫናችሁ በፊት ፋይላችሁን ውጭ ባለ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጉ፤ ዲ ላይ ካለው ይልቅ ሲ ላይ ያለውን ፈልጉ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ፣ ሁሉም ሲ ውስጥ ናቸው። ቴሌግራም ያወረደላችሁ ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባል ፎልደር አለው፣ ሁሉም ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ክሮም ላይ የተቀመጠ ፓስወርድ ካላችሁ ከጂሜል አካውንታችሁ ጋር ሲንክ መሆኑን አረጋግጡ። ፒችትሪ የምትጠቀሙ ፎልደሩን ኮፒ አድርጋችሁ አትለፉ፤ ከፕሮግራሙ ውስጥ ፋይል፣ ከዚያ ባክአፕ ብላችሁ አውጡት። የእህቴን ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርጌ የመጨረሻውን ወር ሒሳብ ከፍታ እስክታየው ድረስ ላፕቶፑን አልነካሁትም። እናንተም ኮፒ ካደረጋችሁት ውስጥ ጥቂቱን ሌላ ማሽን ላይ ክፈቱ። ኮፒ መደረጉ አንድ ነገር ነው፣ መከፈቱ ሌላ።

ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር የሚባል የዊንዶውስ መቆለፊያ በርቶ ከሆነ ወይ አጥፉት ወይ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉ። ያለ እሱ የተቆለፈውን ዲስክ የሚከፍት ጠንቋይ የለም።

ፍላሹ

8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውስጡ የሚጠፋ ነገር የሌለው ፍላሽ። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ፋይል፣ አይኤስኦ የሚባለውን፣ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ወይም ከሊኑክስ ሚንት ገጽ አውርዱ። ከቴሌግራም ቻናል አይደለም፣ «ምርጥ ቀላል ዊንዶውስ» ቢባልም አይደለም፣ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቀው የጨመረው ሰው ነው። ሚንት ወደ 3 ጊጋ ነው፣ ዊንዶውስ 11 ከ5 ጊጋ ያልፋል። የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ብታወርዱ ይሻላል። የማይክሮሶፍት ሊንክ በ24 ሰዓት ጊዜው ያልፍበታል፣ ስለዚህ ዛሬ ጀምራችሁ ነገ ማታ እቀጥላለሁ አትበሉ። ሚንት ግን በቶረንትም ስለሚወርድ ኔትወርክ ቢቆራረጥም ከቆመበት ይቀጥላል።

አይኤስኦውን እንደ ፊልም ፍላሹ ላይ ኮፒ ብታደርጉት አይነሳም። በሩፈስ ነው የሚጻፈው። ሩፈስን ክፈቱ፣ ፍላሹን ምረጡ፣ አይኤስኦውን ምረጡ፣ ስታርት። ከስታርት በፊት ከአይኤስኦው አጠገብ ያለችውን የራይት ምልክት ብትነኳት የፋይሉን ቼክሰም፣ ማለትም ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ መለያ ቁጥር፣ ታወጣለች፤ ከድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ ፋይሉ በመንገድ ተበላሽቷል፣ እንደገና አውርዱ። ይህን ንቄ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ጭነቱ 60 ከመቶ ላይ እየቆመ ሲያበሳጨኝ ውሏል። ጂፒቲ ወይስ ኤምቢአር (ሁለት የዲስክ አከፋፈል ዓይነቶች ናቸው) ብሎ ከጠየቃችሁ ዊንዶውሱ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ፈልጉና ባዮስ ሞድ የሚለውን እዩ። ዩኢኤፍአይ ካለ ጂፒቲ፣ ሌጋሲ ካለ ኤምቢአር።

ከፍላሹ ማስነሳት

ላፕቶፑን አጥፉ፣ ፍላሹን ሰኩ፣ አብሩትና ወዲያው ቁልፉን ደጋግማችሁ ምቱ። ዴል ኤፍ12 ነው። ኤችፒ ኤስኬፕ ወይም ኤፍ9። ሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ አንዳንዱ ላይ ግን ጎኑ ላይ በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አለች። አሱስ ኤስኬፕ። ኤሰር ኤፍ12፣ እሱም ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ የራሱ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ ካልፈቀዳችሁለት እምቢ ይላል። እያጠፋችሁ ስታበሩ በቀጥታ ዊንዶውስ እየገባ ካስቸገራችሁ ሹትዳውን ሳይሆን ሪስታርት በሉት፤ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር ሹትዳውንን ሙሉ በሙሉ መጥፋት አያደርገውም።

ቻርጀር ሰክታችሁ፣ ባትሪውም ሞልቶ ይሁን። መብራት እንደሆነ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌላችሁ ድንገት ቢጠፋ አትደንግጡ፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር ብቻ ነው። አደገኛው ፓርቲሽን፣ እንደ ሲ እና ዲ ያለ የዲስክ ክፍል፣ እየተጠበበ ባለበት ሰዓት ከጠፋ ነው፤ ያኔ ፋይል ሊጠፋ ይችላል። መብራት በሚጫወትበት ሰሞን መጠን መቀየር ውስጥ አትግቡ።

ዊንዶውስ ሲሆን ቋንቋ ይጠይቃል፣ ቁልፍ ይጠይቃል፣ ከዚያ ወሳኙ ገጽ ይመጣል። አዲሶቹ የ11 ዓይነቶች ገና ከመግቢያው ላይ «ሁሉም እንደሚጠፋ እስማማለሁ» የሚል ሳጥን ራይት እንድታደርጉ ያዟችኋል፣ ያስደነግጣል፣ ግን ዲስኩን የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሲ እና ዲ የሚል ጽሑፍ አታገኙም፣ ፓርቲሽን 1፣ 2፣ 3 እያለ ከነመጠኑ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሲ ስንት ጊጋ፣ ዲ ስንት ጊጋ እንደሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሲን ዲሊት፣ የዲን አትንኩ፣ ባዶ የሆነው ቦታ ላይ ኔክስት። ጭራሽ ዲስክ የለም ካለና ላፕቶፑ 11ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዲስኩ አልተበላሸም፤ ኢንቴል አርኤስቲ የሚባለውን፣ ዲስኩን ለዊንዶውስ የሚያስተዋውቀውን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዳችሁ ፍላሹ ላይ ጨምሩና ሎድ ድራይቨር በሉ።

ሚንት የሚለየው ሳይጫን መሞከሩ ነው። ከፍላሹ ሲነሳ ሙሉ ዴስክቶፕ ይዞ ይመጣል፣ የእናንተን ዲስክ አይነካም። ቸኩላችሁ ኢንስቶል አትበሉ። ዋይፋይ ይያዝ፣ ድምፅ ይሰማ፣ የስክሪኑ ብርሃን ይቀንስ ይጨምር፣ ሁሉንም ነካኩ። አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ብሮድኮም የሚባለው ዋይፋይ መጀመሪያ አይታይም። ያኔ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ሰኩና ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ፣ በእሱ ኢንተርኔት ይገባል፤ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ድራይቨር ማኔጀር ዋይፋዩን ያስተካክለዋል። የእኔም የተፈታው እንደዛ ነው።

ከረካችሁ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ኢንስቶል ክፈቱ። መልቲሚዲያ ኮዴክስ የሚለውን ራይት አድርጉ፣ አለበለዚያ አንዳንድ ቪዲዮ አይከፍትላችሁም። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ግን ሁለት ጊዜ አንብቡ። «ኢሬዝ ዲስክ» ማለት ሲን ብቻ ማለት አይደለም። ዲንም ይጠርገዋል፣ ዲስኩን በሙሉ። «አሎንግሳይድ» የሚለው ዊንዶውሱን ትቶ ጎኑ ላይ ይጭናል፣ ሲነሳ የትኛውን ልክፈት ይላችኋል። ልባችሁ ካልቆረጠ 256 ጊጋና ከዚያ በላይ ዲስክ ላይ ይሄ ጥሩ ነው። እኔ አንድ ወር ሁለቱንም ይዤ ቆየሁ፣ ዊንዶውሱን አራት ጊዜ እንኳ አልከፈትኩትም፣ ጠረግኩት። ሁለቱንም የምትይዙ ከሆነ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ፣ ሲን ደግሞ ከዲስክ ማኔጅመንት አጥብባችሁ ባዶ ቦታ አዘጋጁለት።

ሁለቱን የያዘ ሰው አንድ ቀን ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ተዛብቶ ያገኘዋል። አትደንግጡ፣ የሀበሻ ሰዓት አልሆነባችሁም፣ እሱማ ስድስት ነው። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ይይዛል፣ ዊንዶውስ በአገሩ ሰዓት፤ እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ዊንዶውስ ላይ ዴትና ታይም ውስጥ ገብታችሁ ሲንክ ናው ብትሉት ይስተካከላል፣ ሊኑክስን ከፍታችሁ ስትመለሱ እንደገና ይዛባል። ቢያናድድም አይጎዳም።

ከተጫነ በኋላ

አፕዴት፣ ከዚያ ድራይቨር፣ ከዚያ አማርኛ። ዊንዶውስ ላይ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ ውስጥ አማርኛን ጨምሩ፣ ኪቦርዱ አብሮ ይመጣል። ኒያላ ፎንትም በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ሊጎድል ይችላል፣ በኒያላ የተጻፈ ፋይላችሁ መልኩ ቢቀየርባችሁ ምክንያቱ እሱ ነው፤ አማርኛን ስትጨምሩ ይመጣል። ሚንት ላይ አማርኛው ይነበባል፣ ለመጻፍ ግን ሶፍትዌር ማኔጀር ውስጥ አይባስ ኤም17ኤን የሚለውን ፈልጋችሁ ጫኑና ከአማርኛዎቹ ውስጥ ሰራ የሚለውን ምረጡ። በላቲን ድምፁን ስትጽፉ ወደ ፊደል ይቀይረዋል። መጀመሪያ ቀን ጣት ይሳሳታል፣ በሳምንቱ ይለመዳል።

ሚንት ላይ ታይምሺፍትንም አሁኑኑ አብሩት። የሲስተሙን ቅጂ ይይዛል፣ ነካክታችሁ ብታበላሹት ትናንት ወደነበረበት ይመልሰዋል። የእናንተን ፎቶና ዶክመንት ግን አይዝም፣ እሱ ውጭ ባለው ዲስክ ነው።

ፍላሹን ደግሞ ፊልም ልትጭኑበት አታጥፉት። የእኔ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ «ሚንት» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ የእህቴ ላይ «ዊንዶውስ 10፣ አይነካ»። ባለፈው ሳምንት ሙዚቃ ልትገለብጥበት ስትል ያስቆማት ያ ፕላስተር ነው።